እናታችን «እንዳታስሩኝ» ብላ ያስፈረመችን ወረቀት

ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ለነጋሲ፣

እንደምን ከርመሃል? ጁባ እንዴት ይዛሃለች? ያ ሲነሳብህ ሦስት ቀን የሚያስተኛህ ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጆንያ ባነሳህ ቁጥር ይጠዘጥዝሃል? ቢሊሴስ ደህና ናት? ሱቁን ከሕፃኗ ጋር ችላዋለች? ፍዮሪ ጥርስ አበቀለች ብለህ የላክኸውን ፎቶ ሳየው የእማን አፍንጫ ነው ያየሁት፤ ቁርጥ እሷን! ባለፈው ሰሞን በሰፈራችሁ ተኩስ ተሰማ ሲባል ስልክህ እስኪነሳ ድረስ እህል በአፌ አልዞረም። አሁን ጋብ ማለቱን ከአንተው ሰምቼ ትንሽ ቀለል ብሎኛል። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውራችሁ።

እኛን ብትጠይቅ እንደ ሁልጊዜው «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጀምርልህ አልኩና እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አልነበርንም። አሁን እየተሻለን ነው። ይህን ደብዳቤ የማደርስህ በተስፋለም በኩል ነው፤ ከአንተ ጋር ከሞያሌ ጀምሮ የነዳው ሹፌር ነው፣ ታውቀዋለህ። በስልክ ለምን አትነግሪኝም ትለኝ ይሆናል። በስልክ ሞክሬዋለሁ፣ ሁለት ጊዜ። ድምፅህን ስሰማ ወሬውን ወደ ዝናብና ወደ ኑሮ ውድነት እየመለስኩ ዘጋሁት።

በታኅሣሥ መጀመሪያ በቪዲዮ ስናወራ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተህ «ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ የቁም ሳጥን በር መታኝ አልኩህ። ውሸቴን ነው። የመታችኝ እማ ናት፣ በዘነዘና። እኔም መትቻታለሁ። እንድታውቀው የምፈልገው ሁለተኛውን ነው። ከመጀመሪያው ልንገርህና አንተ ፍረደኝ።

ከካዛንቺስ ተነስተን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የተከራየን ጊዜ እማ መንገድ ይጠፋባት እንደነበር ነግሬህ ነበር። አዲስ ሰፈር ስለሆነባት ነው ብለን ችላ አልነው። በኋላ ግን ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ ሽንኩርቱን የጎረቤት ደጃፍ ላይ አስቀምጣ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ የዮሃናን ስም ረስታ ልጄን «አንቺ ትንሿ» ማለት ስትጀምር ሐኪም ጋ ወሰድኳት። የመርሳት በሽታ ነው አሉን፤ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድም ሳይደብቁ ነገሩን። እኔ ኮሪደሩ ላይ ስነፋረቅ እሷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «አልቅሰሽ ከጨረስሽ እንሂድ። ገና ሳውቅ የምጨርሰው ሥራ አለኝ» አለችኝ።

ሥራ ያለችው ውክልናውን ነው። በስሟ ቢሮ የምገባበት፣ ጡረታዋን የምቀበልበት። ባምቢስ አካባቢ አቶ ወልደአማኑኤል የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ አሁን አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተርና ማተሚያ አስገብተው ማመልከቻና ውክልና ያዘጋጃሉ። እሳቸው ጋ ሄድን። ምስክር እንዲሆኑን ባለቤቴን ሰለሙንንና የግቢያችንን ጎረቤት እትዬ ጥሩዬን ይዘናል። አቶ ወልደአማኑኤል የውክልናውን ቃል ጽፈው ሲጨርሱ እማ «አሁን ደግሞ የእኔን ቃል ይጻፉልኝ» አለቻቸው።

ነጋሲ፣ ያን ቀን የተናገረችውን ወረቀቱን ሳላይ በቃሌ እወጣዋለሁ። «ሰው መለየት ሲያቅተኝ እንዳታስሩኝ» አለች። «በገመድም በነጠላም እንዳታስሩኝ። በር ቆልፋችሁብኝ እንዳትሄዱ። ብመታችሁ ክፍሉን ልቀቁልኝና እስኪበርድልኝ ውጭ ጠብቁ። ገላዬን የምታጥበኝ ልጄ እጸገነት ትሁን፣ እሷ ከሌለች ሌላ ሴት ትሁን። አልበላም ካልኩ በማንኪያ ሞክሩ፤ በአፍንጫዬ ቱቦ እንዳታስገቡብኝ። አማርኛው ከጠፋብኝ በትግርኛ አናግሩኝ፣ እሱ ነው መጨረሻ የሚቀረኝ።»

አቶ ወልደአማኑኤል መነጽራቸውን አወለቁ። «እመቤቴ፣ ይሄ እንኳ ውክልናው ውስጥ አይገባም» አሏት። «ለብቻው ጽፈን በምስክር እናስፈርመው። ዳኛ ፊት ምን ያህል እንደሚቆም አላውቅም። ልጆችዎ ፊት ግን ይቆማል።» ከዚያ «ስለ ማሰር ለምን አነሱ? ማን ያስርዎታል?» ብለው ጠየቋት።

አያታችን በትኩሳት ሞተች ነበር አይደል የተባልነው? ውሸት ነው፤ እውነቱን እማ ያን ቀን ተናገረችው። አያታችን አእምሮዋ ሲናወጥ የገዛ ወንዶች ልጆቿ፣ የእማ ታላላቅ ወንድሞች፣ ዓዲግራት አጠገብ ባለው ቤታቸው በጠፍር ከምሰሶ ጋር አስረዋታል። ስትጮህ ትልቁ በሽመል ይመታት ነበር፤ አንድ ቀን ሁለት የጎን አጥንቷን ሰበረ። ውኃ የምታቀብላት እማ ነበረች፣ ያኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። ጠፍሩ ቁርጭምጭሚቷን በልቶ አጥንት ድረስ ገባ። እማ ቁስሉን በጨው ውኃ እያጠበች ትሉን በእንጨት ስትለቅም ከረመች። «ቢላዋ ነበረኝ» አለች እማ፣ ዓይኗን ከአቶ ወልደአማኑኤል ሳትነቅል። «ጠፍሩን መቁረጥ እችል ነበር። ወንድሜን ፈራሁ። አልቆረጥኩትም። በሁለተኛው ወር ሞተች።»

እትዬ ጥሩዬ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። እማ ግን ገና አልጨረሰችም፤ አንድ ነገር አስጨመረች። «ከልጆቼ እጁን ያነሳብኝ ቢኖር ለሌላው በራሱ አፍ ይንገረው። ከዚያ እኔን ማን እንደሚይዘኝ ሁለቱ ተነጋግረው ይወስኑ።»

እኔ ሳቅኩ። «እማ ደግሞ! ማን ነው አንቺን የሚመታሽ?» አልኳት።

«እናቴን የመቷት የወለደቻቸው ናቸው» አለችኝ። በቃ፣ ፈረምን። እትዬ ጥሩዬ በአውራ ጣቷ ፈረመች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት በአንድ ደብዳቤ አልጨርሰውም። ክረምት ሲገባ እማ ጠፋችብን። ግማሽ ቀን ፈልገን ያገኘናት ካዛንቺስ ነው። ቤታችን የነበረበት ቦታ አሁን ሰፊ መንገድና ሣር ሆኗል፤ አንተ ብትመጣ አታውቀውም። እሷ ግን እግሯ አውቆት ሄዷል። በሯን ስታጣ አጠገቡ ያለ አንድ ሕንፃ በር ላይ ቆማ «ቤቴን ክፈቱልኝ» ብላ ጮኸች። ጥበቃው ሊመልሳት ሲል ድንጋይ አንስታ ቅንድቡን ተረተረችው። እሱም በዱላው ክንዷን መትቶ ገፍትሮ ጣላት። ስደርስ እማ አስፋልቱ ዳር ጭቃ ውስጥ ተቀምጣለች፣ አፏ ደም ነው። ጥበቃው ፊቱን በእጁ ይዞ ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። የሃያ ምናምን ዓመት ሰው ቢሆን ነው። አፌ እንዳመጣ ሰደብኩት። «እናት የለህም ወይ? አውሬ!» አልኩት። እሱ ምን አለኝ መሰለህ? «እናቴን መስላኝ እኮ ነው ቀስ ብዬ የመታኋት» አለኝ። ያኔ ልቤ አልራራለትም። አሁን ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዱላው ወደ ቤት ገባ። ገላዋን ሳጥባት በጥፊ ታጮለኛለች። የፈላ ሻይ በደረቴ ላይ ደፋችብኝ። ሰለሙን ጫማዋን ሊያስርላት ጎንበስ ሲል ትከሻውን ነክሳ እስኪደማ አልለቅ አለች። ወረቀቱ እንደሚለው ክፍሉን እለቅላትና በረንዳው ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሲበርድላት እገባለሁ፤ እሷም «የት ነበርሽ ልጄ?» ትለኛለች። ስንቴ እንደወጣሁ አልቆጠርኩትም። በወጣሁ ቁጥር ግን የሆነ ነገር በሆዴ ይጠራቀም ነበር፤ ያንን አላወቅኩትም ነበር።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሰለሙን ሜክሲኮ ያለው የአሉሚኒየም መሥሪያ ቤታቸው ነበር። እኔ ግቢ ልብስ አሰጣለሁ። ዮሃና ዳቦ ልታመጣ ወጥ ቤት ገባች። ጩኸቷን ስሰማ መጀመሪያ የተቃጠለች ነው የመሰለኝ። ስገባ እማ የልጄን ጸጉር በግራ እጇ ጠቅልላ ይዛዋለች፤ በቀኝ እጇ ዘነዘናውን ይዛለች። «የእናቴን እህል የምትሰርቂው አንቺ ነሽ!» ትላለች። ልጄ ራሷን ልትሸፍን ክንዷን አነሳች፤ ዘነዘናው ክንዷ ላይ ሲያርፍ አጥንቱ ቀሽ ሲል ሰማሁት። ነጋሲ፣ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ማሰሮ ሲሰበር፣ እንጨት ሲቆረጥ፣ በየምክንያቱ ይሰማኛል።

ዘልዬ መሃል ገባሁ። ሁለተኛውን ምት በግንባሬ ተቀበልኩት። ደሙ ዓይኔን ጋረደኝ። ዘነዘናውን በአንድ እጄ ያዝኩትና በሌላው ጨብጬ አፏ ላይ መታኋት። አልለቀቀችም። ደገምኳት፤ ዘነዘናው ወደቀ፣ እሷም ከጋዝ ሲሊንደሩ ጋር ተላትማ መሬት ላይ ተዘረረች። እዚህ ድረስ ያለውን ማንም ሰው ልጇን ለማትረፍ ነው ይለኛል። ሦስተኛውን የመታኋት ግን ከወደቀች በኋላ ነው። ልጄ በበሩ ወጥታለች፣ ዘነዘናው ከእግሬ ሥር ነው፣ እማ ባዶ እጇን ናት። ጎንበስ ብዬ መታኋት። ማንንም ለማዳን አልነበረም። ደሜ ፈልቶ ነው፤ ያ የተጠራቀመው ሁሉ ወጥቶ ነው። የፊት ጥርሷ ወልቆ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። እሷ ከታች ሆና ራሷን በክንዷ ከለለች፣ ልክ ዮሃና እንዳደረገችው።

ሰለሙንን ደውዬ ጠራሁት፤ ከሜክሲኮ እንዴት እንደበረረ አላውቅም፣ ወዲያው ደረሰ። የልጁን ክንድ ተጣሞ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። እማ በዚህ መሃል ተነስታ ሳህን እየወረወረች ነበር። ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለብን፤ እሷን ደግሞ ትተናት መሄድ አንችልም፤ እትዬ ጥሩዬ ገበያ ናት። የልብስ ማስጫውን ገመድ ከግቢ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ሰለሙን እግሯን ያዘልኝ፤ ያሰርኳት ግን እኔ ነኝ፣ ሁለት እጇን ከአልጋው ብረት ጋር። ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቅኩት። ስንታገል ታስፈራራን የነበረችው ሴት ገመዱ ሲነካት ሌላ ሰው ሆነች። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ሆነ። «ኣይትእሰሩኒ ደቀይ» አለች፣ «ኣይትእሰሩኒ»፣ ደጋግማ። አማርኛው ጠፍቷት ያንኑ «እንዳታስሩኝ ልጆቼ» በትግርኛ ነበር የምትለው። እኔ በየትኛውም ቋንቋ አልመለስኩላትም። በሩን ከውጭ ቆለፍኩና ልጄን አቅፌ ወጣሁ።

ሐኪሙ «ማን መታት?» ሲል ጠየቀ። ዮሃና ዓይኔን አየችና «ስሮጥ ከደረጃ ወደቅኩ» አለችው። ማንም እንዲህ በዪ አላላትም። የሰባት ዓመት ልጅ አያቷን ልታድን ነው። ጀሶ እስኪደረግላት፣ የእኔም ግንባር እስኪሰፋ አምስት ሰዓት ፈጀብን።

ስንመለስ የበራችን ቁልፍ ተሰብሮ መሬት ላይ ወድቋል። እትዬ ጥሩዬ ከገበያ ስትገባ የእማን ጩኸት ሰምታ በመዶሻ ሰብራው ገብታለች፤ ገመዱን በቢላዋ ቆርጣዋለች። አልጋው ላይ ተቀምጣ የእማን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። የእማ አንጓ ዙሪያውን ተልጦ ቀይ ሥጋው ይታያል፤ አልጋውን ጎትታ ግድግዳው ድረስ ወስዳዋለች፣ ምን ያህል ብትታገል ነው። ከሥሯ ያለውን ፍራሽ ሽንቷ አርሶታል። እትዬ ጥሩዬ አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «እጸገነት» አለችኝ፣ «እኔ ማንበብ አልችልም። ያን ቀን አንብበውልኝ ነው በጣቴ የፈረምኩት። አንቺ ግን ታነቢያለሽ።»

ከዚያ ቀጥሎ ቤታችን ፈረሰ ብልህ ይቀላል። ሰለሙን «ልጄን እስክትገድላት ልጠብቅ?» ብሎ የያዘውን ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። እኔ ላይ እጁን አላነሳም፣ ግን ሲያየኝ ዓይኑ የሚመታ ነበር። ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኛ አለኝ። አልወቅሰውም፣ አባት ነው። እማን የት ላውጣት? በማግስቱ ዮሃናን ይዞ ሳሪስ እህቱ ጋ ሄደ። ቤቱ ውስጥ እኔና እማ ቀረን፤ አፏ አብጦ፣ ግንባሬ ተሰፍቶ፣ እንደ ሁለት የተደባደቡ ሰካራሞች ተፋጠን። እሷ ምንም አታስታውስም። እኔ ሁሉንም አስታውሳለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ውክልናውን ልተው ብዬ አቶ ወልደአማኑኤል ጋ ሄድኩ። ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና «መተው ትችያለሽ» አሉኝ። «ግን እናትሽ ዛሬ ለሌላ ሰው ለመፈረም አእምሯቸው የለም። አንቺ ስትለቂ ማን ይቀበልሻል?» ከዚያ «ለወንድምሽ ነገርሽው?» አሉ። አልነገርኩትም አልኳቸው። «እንግዲያው ከዚያ ጀምሪ። እሳቸው ያዘዙሽ መጀመሪያ እሱን ነው» አሉኝ። ይኸው ሁለት ወር ሙሉ ፈራሁህ። ዛሬ ነገርኩህ።

አሁን ያለንበትን ደግሞ ልንገርህ። ሐኪሟ ጋ መልሼ ስወስዳት፣ ለካ እንቅልፍ ይሰጣታል ብለን ከመድኃኒት ቤት እየገዛን የምንሰጣት ክኒን ነበር ከሚያባብሱባት አንዱ፤ አስቆሙንና ሌላ አዘዙላት። ከዚያ ወዲህ ቁጣዋ አልጠፋም፣ ግን ረግቧል ማለት ይቻላል። በወር ውስጥ አንዴ ብቻ በጥፊ መትታኛለች፤ ወጣሁላት። ዘነዘናውንና ቢላዋዎቹን እትዬ ጥሩዬ ወስዳ እሷ ቤት አስቀመጠች፣ ስፈልግ እጠይቃታለሁ። ሥራዬን በግማሽ ቀን አድርጌዋለሁ፤ ከሰዓቱን እኔ፣ ጠዋቱን እትዬ ጥሩዬ ከእማ ጋር እንሆናለን። ሰለሙንም ከገና በፊት ተመለሰ። ሲመጣ መሰርሰሪያውን ይዞ ነው የመጣው። የእማን ክፍል ከውጭ ሊቆልፍ መስሎኝ በሩ ላይ ቆምኩበት። እሱ ግን አልፎኝ ሄዶ የዮሃና ክፍል በር ላይ ከውስጥ የሚዘጋ መቀርቀሪያ ገጠመ። «ስትፈራ ራሷ ትዝጋ» አለ። ያን ቀን ነው ከልቤ ያለቀስኩት። የዮሃና ጀሶ ወጥቷል፣ ክንዷ ደህና ነው። አያቷ ክፍል አትገባም፤ ጠዋት ጠዋት ግን በሩ ላይ ቆማ በትግርኛ «ከመይ ሓዲርኪ» ትላትና ትሮጣለች።

ነጋሲ፣ በወረቀቱ መሠረት አሁን ተራው ያንተ ነው። እማን የምይዘው እኔ ልሁን ወይስ አልሁን፣ አንተም ቃልህን ስጥ። ላምነው የምፈልገውን እንዳትጽፍልኝ። «አይዞሽ፣ ማንም ቢሆን ያደርገዋል» ካልከኝ ደብዳቤውን አላነበብከውም ማለት ነው። እኔ ልያዛት ብዬ እለምንሃለሁ፣ ሦስተኛው ምት ግን የእኔ መሆኑን አውቀህ ወስን። ወይ ደግሞ መጥተህ እያት፣ መጥተህ እየኝ፣ ከዚያ ፍረድ።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አፏን ሳጸዳላት ምላሷ ጥርሷ ወደ ወለቀበት ቦታ ሄደ። ጣቷን ከተተችና ዳበሰችው። ዓይኗ ጥርት ብሎ ነበር። «ጥርሴን ማን መታኝ?» አለችኝ።

በር ነው ልላት እችል ነበር። «እኔ ነኝ» አልኳት። «እኔ ነኝ የመታሁሽ። አስሬሽም ነበር።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። አላወቀችኝም። ወደ ግድግዳው ሸሸት አለችና እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻቸው። ከዚያ እንደ ድሮዋ ቀና ብላ፣ የካዛንቺሱ ቤታችን ሊፈርስ ሲል ቢሮ ለቢሮ ስትከራከር እንደነበረችው፣ «ልጄ ትመጣለች» አለችኝ። «እጸገነት ትባላለች። ወረቀቴ በእሷ እጅ ነው። እሷ ስትመጣ አንቺ እዚህ ቤት አትቆይም።»

ምን ልበላት ነጋሲ? «እሺ እናቴ» አልኳት፣ «እስክትመጣ እዚሁ እጠብቃታለሁ።» ከእሷ ራቅ ብዬ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ በሩን እያየች፣ እኔ እሷን እያየሁ፣ ሁለታችንም እጸገነትን ጠበቅናት።

ቢሊሴን አቅፈህ ሳምልኝ፤ ይህን ደብዳቤ አብራችሁ ብታነቡት አልከፋም። ፍዮሪን በሁለቱም ጉንጯ ሳማት፣ ስታድግ በአክስቷ አታስፈራሯት። ሰለሙን ሰላም ብሎሃል፤ ለወገብህ የሚሆን ቀበቶ ገዝቶ በተስፋለም ልኮልሃል። ዮሃና የተሰበረው ክንዷ መጻፍ እንደሚችል ታሳይህ ዘንድ ከዚህ በታች ስሟን ራሷ ትጽፍልሃለች። እትዬ ጥሩዬም «ምስክሯ ሰላም ትልሃለች በይው» ብላኛለች። እማ ሰላም ትልሃለች ብዬ ግን አልዋሽህም፤ ስምህን ካነሳች ሰንብታለች። ፎቶህን ሳሳያት ትስመዋለች፣ ማን እንደሆነ ሳትጠይቅ።

እህትህ እጸገነት

ዮሃና ሰለሙን

ቂርቆስ፣ አዲስ አበባ
ጥር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.